ማስተካከያ፦ በሳምንት ሳይሆን በቀን 5 ሰዓት

የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ስለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ባለፈው ስጽፍ አንድ ቁጥር ተሳስቻለሁ። ቤተሰብና ወዳጅ በአማካይ በሳምንት 5 ሰዓት ያስታምማሉ ብዬ ነበር። ትክክለኛው በቀን 5 ሰዓት ነው። ምንጩ የዓለም ጤና ድርጅት ስለ በሽታው ያወጣው መረጃ ነው። ከዚህ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች መሆናቸውንም ይኸው መረጃ ይገልጻል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በሳምንት 35 ሰዓት ማለት እኮ ነው። ያለ ደሞዝ የሚሠራ የሙሉ ጊዜ ሥራ በሉት። ያውም አማካዩ ነው። እናቷ ሌሊት ተነስተው የበሩን እጀታ ሲነካኩ እየሰማች የምትባንን ልጅ አለች። ጠዋት ደግሞ "ዛሬ ምን ቀን ነው?" ሲሏት ለአሥረኛ ጊዜ በለሰለሰ ድምፅ ትመልሳለች።

በዚያ የተሳሳተ ቁጥር ተነስቼ "ቅዳሜ ከሰዓት ካረፋችሁ ይበቃል" ብዬ መክሬ ነበር። አይበቃም፤ ምክሩን አንስቼዋለሁ። አስታማሚ በየቀኑ የሚተካው ሰው ያስፈልገዋል፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። ዘመድ ከሆናችሁ "ካስፈለገሽ ደውይልኝ" ከማለት ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ ሂዱላት።

የቀድሞውን ጽሑፍ ለሰው የላካችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም ላኩላቸው።