ጥበበኞቹ አከራይና ተከራይ

የድሬ ሰው ግልጽ ነው ሲባል ውሸት አይደለም። ከዚራ ጥላ ሥር ወይ ታይዋን ገበያ መሃል የማያውቅህ ሰው አስቁሞህ «አቦ፣ ይሄ ሸሚዝ አያምርብህም» ይልሃል። አንተም አትቀየምም። ወሬው የቤት ኪራይ ሲሆን ግን ያ ሁሉ አፍ ይዘጋል። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ የሚኖሩ አከራይና ተከራይ ድንገት ዲፕሎማት ይሆናሉ። ይህን ችሎታ የሚያደንቅ ጠፍቶ ነው እንጂ ሐውልት ይገባው ነበር።

ጀማሪ አከራይ «ኪራይ ጨምር» ይላል። ነውር ነው! የበሰለች አከራይ «ልጄ ከካናዳ ሊመጣ ነው፣ ክፍሉን ይፈልገዋል» ትላለች። ይህ ልጅ ሊመጣ ነው ሲባል ዓመታት አለፉ። የሰፈሩ ኪራይ በተወደደ ቁጥር ሻንጣውን ያዘጋጃል። ተከራዩ ሁለት ሺህ ብር ሲጨምር ጉዞውን ይሰርዛል። ካናዳ ሆኖ የሳቢያንን የቤት ዋጋ እንዲህ የሚከታተል ልጅ ይባረክ።

ነገሩ ያልገባው ተከራይ ካለ መልእክቱ በቧንቧ ይመጣል። የአከራይዋ በርሜል ሞልቶ የተከራዩ ጀሪካን ተራ ሲደርስ ውሃው ይሄዳል። ቀጥሎ መብራት። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋቱም ዋጋ ከፍ የሚልበት ነው፤ እና አንድ ግቢ ሙሉ ሰው በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሂሳቡ ያብጣል። ማን አሳበጠው? በግንቦት ሙቀት ቬንትሌተር የከፈተው ነዋ! የአከራይዋ ፍሪጅስ? እሱማ ጥጉን ይዞ ዝም ብሎ የቆመ ነው።

ተከራዩም ቢሆን ቀላል ሰው አይደለም። ኪራይ ያለፈበት የድሬ ተከራይ ሰዓት ያውቃል። ጠዋት አከራዩ ፊት አይደርስም። ጠዋት የጫት ሀራራ ነው፤ ሀራራ ላይ ያለ ሰው ሰላምታም ያስከፍላል። ከምሳ በኋላ የአወዳይ ጫት ይዘረጋል። አሥር ሰዓት ገደማ ጋሼ ምርቃና ላይ ሲወጡ ተከራዩ በርጫው ዳር ኩርምት ይላል።

«ጋሼ፣ የኪራዩ ነገር ትንሽ...»

«ተው አቦ! አንተ እኮ ልጄ ነህ! ገንዘብ ምንድነው?»

እዚያው በተቀመጡበት ግቢው ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ይሠራሉ። ምድር ቤቱን ለተከራዩ በነጻ ይሰጡታል። ሱቅም ይከፍቱለታል። ተከራዩ ቀስ ብሎ ውልቅ ይላል፤ ከዚህ በላይ ቢቆይ ሊድሩትም ይችላሉ። ማታ ምርቃናው ሲበርድ ፎቁ ይፈርሳል። በነጋታው ትንሿ ልጅ በሩን ታንኳኳለች፦ «አባዬ ‹ዛሬ ቀን ስንት ነው?› በይው ብሎኝ ነው።» ቀኑን ሁለቱም ያውቁታል። አባዬ ደግሞ በረንዳው ላይ፣ አምስት እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጨዋነት ሊያፈርስ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መጣ። ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን። ጭማሪም አከራዩ በተነሳበት ቀን አይደለም፤ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት በዓመት አንዴ ነው። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? የተከበረ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ገንዘብ በግልጽ ይነጋገር? የካናዳውስ ልጅ? ሁለት ዓመት ሙሉ ላይመጣ ነው?

ደግነቱ የኛ ሰው መላ አያጣም። አከራይዋ ግብሩን ትፈራለች፤ ተከራዩ ቤቱን እንዳያጣ ይፈራል። ስለዚህ ሁለት ውል ይኖራል፤ አንዱ ለመዝገብ፣ አንዱ ለእውነት። የእውነቱ አይጻፍም። ተያይዘው ለምዝገባ ይሄዳሉ። ሠራተኛው ብዕሩን አንስቶ «ኪራዩ ስንት ነው?» ይላል። አከራይና ተከራይ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ከዚያ በአንድ ድምፅ «አንድ ሺህ አምስት መቶ!» ይላሉ። ደላላው ይመሰክራል። ይፈርማሉ። በአንድ ባጃጅ ወደ ሰፈራቸው ይመለሳሉ፤ ሂሳቡን ተከራዩ ይከፍላል።