ስለ ተረከዜ ብላችሁ

የሥራ ባልደረባዬ ተረከዙ ውሃ ቋጠረ። ፎቶውን ያየሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ቁርሴን ሳልጨርስ። እግር፣ ፕላስተር፣ ከጀርባው ላብ ላብ ያለው የቢራ ብርጭቆ። ከሥሩ ገንዘብ ማስገቢያ ሊንክ። “ለታመሙ ሕፃናት ስል እየተሰቃየሁ ነው” ይላል።

እንዲህ ያለ ሰው ካልጸደቀ ማን ሊጸድቅ ነው?

የሚሄድበት የተሳላሚዎች መንገድ ካሚኖ ይባላል፣ ስፔን ውስጥ ነው። መድረሻው ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ። የሐዋርያው የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ አፅም አርፎበታል የሚባል ካቴድራል አለ። ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ የሚነሳው ዋናው መንገድ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ድሮ ሰው ኃጢአቱን ተሸክሞ ይሄድበት ነበር። ዛሬ እኛ ለንደን ቁጭ ብለን እንከፍላለን፣ እሱ ይሄድልናል።

የኛ ጀግና ታዲያ 780ውን አልሄደም። ጅል ነው እንዴ? ለተሳላሚ ለሚሰጠው የምስክር ወረቀት በእግር 100 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ስለዚህ እንደ ብዙው ሰው ከሳሪያ ተነሳ። ሳሪያ ከመቶዋ ትንሽ ብቻ ፈቀቅ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የእግዜር ሥራ! የሚቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ኢራቼ በሚባል ቦታ ለተሳላሚ ከግድግዳ ቧንቧ ቀይ ወይን በነጻ ይቀዳል። ከሳሪያ የተነሳ ሰው ያ ያመልጠዋል። ስቃይ ማለት ይኼ ነው።

ሻንጣው በመኪና ነው የሚሄደው። በጥቂት ዩሮ ጠዋት ከማደሪያው ያነሱታል፣ ከሰዓት ቀጣዩ ማደሪያ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ባለቤቱን ቀድሞ እየደረሰ የምስክር ወረቀት የሌለው እሱ ብቻ ነው። የተሳላሚ ደብተር ላይ በቀን ሁለት ማህተም ማስመታትም ግዴታ አለ። ቤተ ክርስቲያን ይመታል፣ ቡና ቤትም ይመታል። የልጁ ደብተር ላይ የቱ እንደበዛ ቆጥሬያለሁ። ሐሜት እንዳይሆንብኝ ልተወው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በእንዲህ ዓይነት ጉዞ ብዙ ጊዜ ተጓዡ መሰብሰብ ያለበት ዝቅተኛ መጠን ይነገረዋል። ከዚያ ላይ ትኬቱም፣ ማደሪያውም ሊሸፈን ይችላል። የተረፈው ለሕፃናቱ ነው። እኔ የሰጠሁት 20 ፓውንድ ሳንቲያጎ ባለችበት ክልል፣ ጋሊሲያ ውስጥ የተቀቀለ ኦክቶፐስ ሆኖ ተበልቶ ይሆናል። ይሁን፣ በረከቱ ይድረሰኝ። አንዴ ተሳስቼ “ለሕፃናቱ በቀጥታ ብሰጥስ?” አልኩት። ደነገጠ።

“ታዲያ እኔ ለምን እሄዳለሁ?”

አያቴ ትዝ አለችኝ። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም በእግሯ ትወጣ ነበር። በሶዋን በጥብጣ እየጠጣች፣ ዳገቱን ቁና ቁና እየተነፈሰች። ተረከዟ ውሃ ይቋጥር አይቋጥር የጠየቃት የለም። ሳንቲም መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትይዝና መንገድ ዳር ለተቀመጡት ነዳያን እየፈታች ትሰጣለች። አስቡት፣ ተጓዧም እሷ፣ ከፋይዋም እሷ! ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው? “ግሸን ልወጣ ነውና በኪሎ ሜትር ስንት ስንት ታዋጣላችሁ?” ብላ ጎረቤት ብትሰበስብ ኖሮ፣ ይዘው ጠበል ነበር የሚወስዷት።

ደግነቱ የኛም ሰው እየነቃ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የአገሬ ልጅ ደወለልኝ። ኪሊማንጃሮ ሊወጣ ነው፣ ለወላጅ አልባ ሕፃናት። የትኞቹ ሕፃናት እንደሆኑ ገና አልወሰነም። ጫማውን ግን ገዝቷል።

ሰፈራችን ባቡር ጣቢያ በር ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚቀመጥ ሰውዬ አለ። ከተረከዙ ብሶ ጣቶቹም ቆስለዋል። የኛ መሥሪያ ቤት ሰው በሙሉ በየቀኑ አልፎት ይገባል። ጥፋቱ የራሱ ነው፣ አይራመድም። ሰኞ ሳገኘው ልመክረው አስቤያለሁ። ተነስና ቢያንስ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ወዲያ ወዲህ በል እለዋለሁ። ባልደረባዬ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን የተሳላሚ ዛጎል ደግሞ እዋስለታለሁ።