አቦል፣ ቶና፣ በረካ በዳይክሎሮሜቴን

የቦርከናን ብክለት ለመለካት ሌት ተቀን የሚደክሙትን ባለ ነጭ ጋዋኖች ሳላመሰግን ብቀር ቡና አይጣፍጠኝም። ደሴ ውስጥ አንድ ቤተ ሙከራ ገብቼ ያየሁትን ጥበብ ለእናንተም ጀባ ብያለሁ።

አንድ ሊትር የወንዝ ውሃ መለያ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። 60 ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴን የሚባል አሟሚ ኬሚካል ይጨመርበትና ይናጣል። ፈሳሹ ከውሃ ስለሚከብድ የተባይ ማጥፊያውን ቅሪት ይዞ ከታች ይዘቅጣል፤ ይቀዳል። ይህ አቦል ነው። ሌላ 60፣ ቶና። ሌላ 60፣ በረካ። የወሎ እናቶች ሦስቱንም በውሃ ብቻ ሲያፈሉ የኖሩት፣ መቼም ሳይንስ ስላልደረሳቸው ነው።

ዳይክሎሮሜቴን 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ገሚሱ በመስኮት ወጥቶ ጦሳን ይሳለማል። የተረፈው በእጅ መታጠቢያው ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ቦርከና። ይህን ደግነት ልብ በሉልኝ! ለከርሞ ናሙና የሚሆን ብክለት ካሁኑ እየተጠራቀመ ነው፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ብቻቸውን አልደከሙም።

ከሁሉ የረታኝ ግን የአረንጓዴነት ሒሳቡ፣ ማለትም የምርመራ ዘዴው አካባቢን ምን ያህል እንደማይጎዳ የሚመዘንበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኢኮ ስኬል የተባለ መለኪያ ከ100 ተነሥቶ ለየጥፋቱ ነጥብ ይቀንሳል፤ ከ75 በላይ የተረፈለት ምስጉን አረንጓዴ ነው። ቆሻሻው ከ10 ሚሊ ሊትር ካለፈ ቅጣቱ 5 ነጥብ ነው። ለ11 ሚሊ ሊትር 5፣ ለበርሜልም 5። ሐረጎ ዳገት ላይ እንዲህ ያለ ትራፊክ ፖሊስ ቢቆምልን ሾፌሮቻችን በዱዓ አይረሱትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው አግሪፕሬፕ የተባለ ሌላ መለኪያ ደግሞ ናሙና ዝግጅቱን ብቻ በ10 መስፈርት መዝኖ፣ ከ0 እስከ 1 ውጤት ሰጥቶ፣ ባለቀለም ክብ ይሥላል። የየመስፈርቱን ክብደት መዛኙ ራሱ ማስተካከል ይችላል። ነገሩ የታሰበው ለበጎ ነበር። የእኛው ባለሙያ ክቡ ደም ሲመስልበት ደነገጥሁ። «አብሽር ወንድሜ» አለኝና የቆሻሻውን ክብደት ዝቅ፣ የአሟሚውንም ዝቅ፣ የፍጥነቱን ከፍ አደረገ። ለሠራተኛው ደኅንነት መስኮቱ ክፍት መሆኑን ቆጠረ። ቀዩ ወደ ቢጫ፣ ቢጫውም ወደ አረንጓዴ ዞረ። በክረምት እንኳ ወሎ እንዲህ ፈጥኖ አይለመልምም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ካናዳ ውስጥ የተፈለሰፈ ዘዴ እንዳለ ጠቆም አደረግሁለት፤ ቀጭን ክር ናሙናው ውስጥ ይነከራል፣ አሟሚ የሚባል ነገር የለም። በትዝብት አየኝ። እንግዳ መጥቶ ሲኒ ሳይሞላ? ያውም በወሎ!

ልወጣ ስል ባለቤቱ ደወለችለት። ለምሳ ጎመን ልትገዛ ገበያ ወጥታለች።

«ከቦርከና ዳር የመጣ እንዳይሆን» አላት፣ «ደግመሽ ጠይቂ።»