ልጅቷ ትቆይና ኮከቧ ትምጣ

የሕንድን ወላጆች በቅጡ ሳናመሰግናቸው ኖረናል። እኛ ዘንድ ልጅ ለመዳር ያለውን ጣጣ አስቡት! ዘር ማንዘሩን ማጠያየቅ፣ ጎረቤት ማነጋገር፣ «ይጠጣል እንዴ?» እያሉ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን መሰለል። በዚህ ዘመን ደግሞ ይባስ ብሎ ተጋቢዎቹን ራሳቸውን «ትዋደዳላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ መጥቷል። ዴልሂና ቼናይ ያሉ አስተዋይ ቤተሰቦች ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ወረቀት ተገላግለውታል። ልጅቷ የተወለደችበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይጻፋል፣ የቀረውን ጨረቃ ትመሰክራለች።

ፈረንጅ ኮከቡን በፀሐይ ነው የሚቆጥረው። የሕንዱ፣ የቬዳ የሚባለው ኮከብ ቆጣሪ ግን ጨረቃን ያያል። ሰማዩን ለ27 ከፍሎ ለእያንዳንዱ 13 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ይሰጥና፣ እናንተ ስትወለዱ ጨረቃ ያረፈችበትን ክፍል «ጃንማ ናክሻትራ»፣ የልደት ኮከብ ይለዋል። ጨረቃ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ቀን ያህል ታድራለች። እንደ አፈ ታሪኩ ከሆነ 27ቱ ኮከቦች ዳክሻ የተባለው አምላክ የወለዳቸው ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ጨረቃም በዚያ አገር ወንድ ነውና ሁሉንም አንድ ላይ አገባቸው። ከዚያ ሮሂኒ የምትባለዋን ብቻ አብልጦ እየወደደ ሌሎቹን ዘነጋ። ልጆቹ አቤት ቢሉት አባታቸው ዳክሻ ረገመው፣ ይኸው ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሲከሳና ሲወፍር ይኖራል። የሰውን ልጅ ትዳር እንዲመራ የተሾመው እንግዲህ ይህ ባል ነው። ከልምድ የሚገኝ ምክር ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑን ማን ይክዳል?

የዚህ ጥበብ ትልቁ ጸጋ ግን አማቶችን መጠበቁ ነው። ሙላ በሚባለው ኮከብ የተወለደች ልጅ የባሏን አባት ትበላለች ይባላል። የአሽሌሻዋ የባሏን እናት፣ የጄሽታዋ የባሏን ታላቅ ወንድም፣ የቪሻካዋ ደግሞ ታናሽየውን። ሥራው እንዴት በሥርዓት እንደተከፋፈለ ልብ በሉ፤ አንዷ የሌላዋን ሟች አትሻማም። ወንዱስ? ወንዱ ምንም አይል። የታሚሎች አባባል እንዲያውም የሙላ ወንድ ይነግሣል፣ የሙላ ሴት ድምጥማጥ ታጠፋለች ይላል። መንታ ሆነው በአንድ ሰዓት ቢወለዱ እንኳ ወንድምየው ዙፋን ላይ፣ እህትየው ክስ ላይ ናት። ያችው ጨረቃ፣ ያው ሰማይ! እንዲህ ያለውን ረቂቅ ልዩነት በቴሌስኮፕ ማየት የሚችል የሥነ ፈለክ ሊቅ አላውቅም።

ሒሳቡን ለሚወድ ደግሞ እነሆ። በሕንድ በቀን ከ60 ሺህ በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ጨረቃ በዓመት 13 ጊዜ ያህል በሙላ ታልፋለች። አባዙት፣ በየዓመቱ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ የባል አባቶች የሞት ፍርድ ይፈረድባቸዋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ እልቂት ተሸክመው እነዚያ ሽበታም አማቶች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ፉት ማለታቸው ምን ዓይነት ጀግንነት ነው? አንዳንድ ደግ ኮከብ ቆጣሪ «የሙላ መርዙ በመጀመሪያው ሩብ ብቻ ነው» እያለ ቅናሽ ያደርጋል። እግዜር ይስጠው፣ የተጨነቀ አባት ቅናሽ ይወዳል።

ሙላን ያመለጠች ልጅ ወደ ነጥቡ ትሻገራለች። የሁለቱ ኮከብ በስምንት መመዘኛ ይመዘንና ከ36 ይታረማል፤ ማለፊያው 18 ነው፤ ልክ እንደ እኛው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ያመጣ ያልፋል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ኮከብ የራሱ እንስሳ አለው፤ አሽሌሻ ድመት፣ ማጋ አይጥ። እና የሶፍትዌር መሐንዲሱና የጥርስ ሐኪሟ ቡና ቤት ቁጭ ብለው ምን ያህል ቢግባቡ፣ እሷ ድመት እሱ አይጥ ከሆኑ በዚህ ጥያቄ ዜሮ ናቸው። ፍቅር የሚባለው ትምህርት ከስምንቱ ውስጥ የለም። በትርፍ ሰዓት የሚሰጥ ሳይሆን አይቀርም።

ማርስ ደግሞ አለላችሁ። ሰው ሲወለድ ሰማዩ የነበረበትን በሚያሳየው የልደት ሰንጠረዥ ላይ ካሉት 12 ክፍሎች፣ «ቤቶች» ይሏቸዋል፣ በአንደኛው፣ በአራተኛው፣ በሰባተኛው፣ በስምንተኛው ወይም በአሥራ ሁለተኛው ከተገኘ ሰውየው «ማንግሊክ» ነው፤ ትዳሩን ያፈርሳል፣ ሲብስም የትዳር ጓደኛውን ይቀብራል። ሁለተኛውንም ቤት የሚጨምሩ አሉና ከሰው ልጅ ግማሹ አደገኛ ሆነ ማለት ነው። መድኃኒቱ ግን እጅግ ሰብአዊ ነው። ልጅቷ አስቀድማ ከሸክላ ማሰሮ ወይም ከሙዝ ተክል ጋር ትጋባለች። ካህኑ ይጸልያል፣ ሥርዓቱ በወጉ ይፈጸማል። ከዚያ ማሰሮው ይሰበራል፤ ተክሉም ከሆነ ይቆረጣል። ባሏ ሞተ፣ ማርስም ድርሻውን ወሰደ፣ ሁለተኛው ባል በሰላም ይገባል። ሚስቱን ቀና ብሎ ሳይናገር፣ ጥሎሽ ሳይጠይቅ፣ እናቱን ሳይጠራባት የሞተ ባል ከማሰሮው ሌላ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ምን ያደርጋል፣ ዕድሜው አጠረ።

ሳይንቲስት የሚባል ምቀኛ ግን የትም አይጠፋም። ስመ ጥሩው የጠፈር ተመራማሪ ጃያንት ናርሊካር ከባልደረቦቹ ጋር የ200 ልጆችን የልደት ሰንጠረዥ ሰብስቦ ነበር፤ 100ው ጎበዝ ተማሪዎች፣ 100ው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው። ለኮከብ ቆጣሪዎች 40 40 እየሰጠ የቱ የየትኛው እንደሆነ ለዩልኝ አላቸው። 27ቱ መልስ ላኩ፤ በ27 ኮከብ ልክ 27 ቆጣሪ! በአማካይ 46 በመቶ አገኙ። ሳንቲም ወርውሮ ለሚገምት 50 በመቶ እንደሚደርሰው ልብ ይሏል፤ ከሳንቲም በታች መውረድ ብዙ ዓመት ትምህርት ይጠይቃል። ትምህርቱም አለ። የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች የበላይ አካል እ.ኤ.አ. በ2001 ኮከብ ቆጠራ በዲግሪ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ሳይንቲስቶች ቢከሱም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ክሳቸውን ውድቅ አደረገው።

ጥበቡ በስልክ መተግበሪያ ተጭኖ እኛም እጅ ገብቷልና ለወገኔ አንዲት ምክር ልጣል። በኛ አቆጣጠር በ1985 ተወለድኩ ብለህ እንዳለ ብታስገባው የምታነበው ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት የተወለደ የሌላ ሰው ዕጣ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓትን እንደ ወረደ ብትጽፈው ደግሞ ጨረቃን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎተትካት፤ ያ የአንድ ኮከብ ሩብ ያህል ነው። አማትህን ልትገድልም ልታድንም ትችላለህ። የኛው አውደ ነገሥት በዚህ ረገድ ለሰነፍ የተመቸ ነው፤ ስምህንና የእናትህን ስም ቆጥሮ ለ12 አካፍሎ ይገላግልሃል፣ ሰዓት ብሎ አያስጨንቅህም። «ከብቶቹ ሲገቡ ነው የተወለድከው» የተባለ ሰውም ኮከቡን አያጣም።

ሕንዶቹ ግን ሰዓት ላይ ቀልድ አያውቁም። ከፊሉ ወላጅ መልካሙን ሰዓት ከቆጣሪው ተቀብሎ፣ ልጁ በዚያች ደቂቃ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ሐኪሙን ይቀጥራል። ያ ካልተቻለ ሌላ ዘዴ አለ፣ ወረቀቱን ማረም። የልጅቷ አባት የሙላ መጨረሻ ላይ የተወለደችውን ልጁን አንድ ሰዓት ያህል ያዘገያትና ቀጣዩ ኮከብ ውስጥ ያስገባታል። የልጁም አባት ማርሱ ስላስቸገረው የልጁን ሰዓት ትንሽ ወደፊት ይገፋዋል። ሁለቱ ሰንጠረዦች ይገናኛሉ፤ 28 ከ36! ቆጣሪው ይደነቃል፣ ጣፋጭ ይከፋፈላል፣ ያልተወለዱት ሁለት ሰዎች በደስታ ይዳራሉ። የተወለዱት ሁለቱ ደግሞ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ አንድ ቤት ውስጥ ይተዋወቃሉ።