«የሰው ስሕተት» የሚሉት መሸሸጊያ

የሞሪሸስ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ዋካሺዮ የተባለችውን የጭነት መርከብ ካፒቴንና አንደኛ መኮንን እያንዳንዳቸውን በ20 ወር እስራት ቀጥቷል። መርከቧ ሐምሌ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ የኮራል ዐለት ላይ ወጥታ ወደ 1,000 ቶን የሚጠጋ ነዳጅ ባሕሩ ላይ ያፈሰሰች ናትና፣ ዜናውን የሰማ ሁሉ «የእጃቸውን አገኙ» ቢል አይገርምም። እኔን ያበሳጨኝ ቅጣቱ አይደለም፤ «የሰው ስሕተት መሆኑ ተረጋገጠ» ተብሎ ነገሩ ያለቀለት መምሰሉ ነው።

ሰዎቹ ጥፋታቸውን አምነዋል። በዚያ ምሽት መርከቧ ላይ የልደት ግብዣ እንደነበረና ካፒቴኑም መጠጥ እንደቀመሰ አልተካደም። ይህን ይዤ አልከራከርም።

ነገር ግን መርከቧ ከጠረፉ 22 የባሕር ማይል ርቃ እንድታልፍ ታቅዶ ነበር። ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት ርቀቱ ወደ 5 ዝቅ ተደረገ፤ በዕለቱ ደግሞ ወደ 2። ምክንያቱን መርከቧን ተከራይቶ ያሠራት የነበረው የጃፓኑ ሚትሱይ ኦ.ኤስ.ኬ. ላይንስ ራሱ ተናግሮታል፦ የሞባይል ኔትወርክ ለመያዝ። 300 ሜትር የሚረዝም ብረት በጨለማ ወደ ዐለት የተጠጋው ቤት ለመደወል ነው! ይህን ቸልተኝነት ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው ያንን የኮሮና ወረርሽኝ ሐምሌ ረስቶታል። ወደቦች ተዘግተው፣ በረራ ቆሞ፣ ኮንትራቱ ያለቀ የሚተካው አጥቶ፣ መርከቡ ወደብ ቢደርስ እንኳ መሬት መርገጥ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ኮንትራታቸው አልቆ ባሕር ላይ የቀሩትን ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት ወደ 400,000 ገምቷቸዋል፤ አገሮች የተፈራረሙት ዓለም አቀፍ የመርከበኞች የሥራ ስምምነት ግን አንድ ሰው ሳይወርድ 12 ወር እንዳይሞላው ይደነግጋል። በአገሩ በየቀኑ የሟች ቁጥር ሲነገር የእናቱን ድምፅ መስማት ያልቻለ ሰው ሌሊት ተረኛ ሆኖ ካርታ ላይ ሲያፈጥ፣ ዐይኑ እንጂ ልቡ እዚያ አይኖርም። ሠራተኞቹ እንደ ልብ የሚደውሉበት መስመር ቢኖራቸው ኖሮ መርከቧ ዛሬም ብራዚልና ቻይና ትመላለስ እንደነበር አልጠራጠርም።

«መርከበኛ ብቸኝነት ሥራው ነው፤ ለምዶታል» የሚሉ አሉ። ከዚህ የሰነፈ ክርክር አልሰማሁም። መርከበኛ የለመደው መመለሻው የሚታወቅ ብቸኝነትን ነው። እነዚህ ሁለት እስረኞች እንኳ 20 ወር የሚባል ልክ ተቆርጦላቸዋል፤ በወረርሽኙ ባሕር ላይ የቀሩት ያን ያህልም አላገኙም። (ባሕር የለንምና ምን አገባን የሚል ካለ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ትምህርት ጨርሰው በውጭ መርከቦች ሞተር ክፍል የሚሠሩ ልጆቻችንን ያስታውስ። ከዓረብ አገር ስልክ ሲጠብቅ የሚያድር ቤተሰብ ደግሞ እንኳን ለእኔ ለዳኞቹም ማስረዳት ይችላል።)

አደጋው በደረሰበት ጠረፍ ያለችው የማሄቡርግ ከተማ ዓሣ አጥማጆች ካሣ ይገባቸዋል፤ በሸንኮራ አገዳ ቅጠልና በተቆረጠ ፀጉር ዘይቱን ለመከተር ሲታገሉ ያየ ሰው ይህን አይክድም። ይሁንና የሠራተኛ ቅያሬ የከለከለ መንግሥትም ሆነ ጭነቱ በሰዓቱ እስከደረሰለት ድረስ የጫነለትን ሰው ስም ያልጠየቀ ነጋዴ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አልታየም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ መርከበኞች እንደ ቁልፍ ሠራተኞች ታይተው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ብሎ የወሰነው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዋካሺዮ ለሁለት ተሰብራ የፊት አካሏ ውቅያኖስ ውስጥ ከሰመጠ ሦስት ወር አልፎት ነበር።