ኧረ ዩሪያውን ከአበባው ላይ አንሱት

የአራት ኪሎና የፒያሳ ሰዎች፣ ኧረ በፈጠራችሁ ተው! በዶላር ተገዝቶ የገባን፣ ገበሬው ወረፋ የሚጠብቅለትን የዩሪያ ማዳበሪያ በረንዳ ላይ ላለች አንዲት ጽጌረዳ እፍኝ ሙሉ ትበትናላችሁ፣ ጎረቤት አደረገ ተብሎ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው የሆነው ነገሩ።

እኔም አድርጌዋለሁ አልዋሽም። ሳምንት ሳይሞላ የቅጠሉ ጫፍ ቡኒ ሆኖ እሳት እንደነካው ተኮማተረ፣ እኔ ጅሏ ደግሞ አንሷት ነው ብዬ ጨመርኩላት! ለካ ዩሪያ 46 ፐርሰንቱ ናይትሮጅን ነው፣ በሄክታር ለሚለካ እርሻ እንጂ ለአንድ ጣሳ አፈር የሚሆን አይደለም፣ ሲበዛ እንደ ጨው ሆኖ ሥሩን ውሃ ያስጠማዋል።

"አበባ አይበላ፣ ምን አገባሽ" የምትሉኝ አላችሁ። እሺ፣ እዛው ጎኗ የተከላችኋት ጤና አዳምስ? እሁድ ቡና ላይ ጣል የምታደርጓትስ? ማሰሮ ያደረጋችሁት የድሮ የቀለም ቆርቆሮ ነው፣ የድሮ ቀለም ደግሞ ብዙው ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት (እርሳስ) ነበረበት፣ አፈሩ ውስጥ ልጆች የወሸቁት፣ ዚንክ ያለበት ያለቀ ባትሪ ድንጋይ አይጠፋም፣ ዳፕ የሚባለውን የፎስፌት ማዳበሪያ ከጨመራችሁበት ደግሞ ፎስፌቱ ከሚወጣበት ድንጋይ ጋር ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ትንሽ ትንሽ አብሮ ይመጣል። ዩሪያ ሲደጋገም አፈሩን አሲድ ያደርገዋል፣ አፈር አሲድ ሲሆን አፈር ላይ ተጣብቆ የቆየው ካድሚየምና ዚንክ ይለቅና በሥር አድርጎ ቅጠል ላይ ይወጣል። በገዛ ገንዘባችን እኮ ነው!

አፈር እኮ ባዶ እቃ አይደለም፣ አንድ ግራም ጤነኛ አፈር ውስጥ እስከ 1 ቢሊዮን ባክቴሪያ ይኖራል። ባሲለስና ፕሱዶሞናስ የሚባሉት ሥር ዙሪያ ሰፍረው ታስሮ የተቀመጠውን ፎስፈረስ ይፈቱላታል፣ አዞቶባክተር ደግሞ 78 ፐርሰንቱ ናይትሮጅን ከሆነው አየር ላይ በነጻ ያመጣል፣ አንዳንዶቹ እንደ ካድሚየም ያለውን ብረት ራሳቸው ገላ ላይ ይዘው ያስቀሩታል። ጠንቋይ ናቸው ግን አላልኩም፣ ሊድ አይበሰብስም፣ እንዲያውም አሲድ እያወጣ ብረቱን የሚያሟሟም ባክቴሪያ አለ፣ ስለዚህ የተበከለ አፈር ይቀየራል እንጂ በባክቴሪያ አይታጠብም።

እና እነዚህን ሠራተኞች በበረኪና እጣቢ አትፍጇቸው፣ የቧንቧውን ውሃ በባልዲ አሳድሩት፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይ ኮምፖስት ስጧቸው፣ የቡና አተላም ከኮምፖስቱ ጋር ይበስብስ እንጂ ትኩሱን አትድፉባት። መኪና ሲያጨስበት ከዋለ መንገድ ዳር የተከረከመ ቅጠል ደግሞ ለበዓል በግ አትሸከሙ፣ አቧራው ከጎማና ከፍሬን የተፋቀ ብረት አለበት።

ጤና አዳሟን ግን ዛሬውኑ ከዛ ቆርቆሮ አውጧት፣ አፈሩን ከሥሯ አራግፉና በሸክላ ማሰሮ አዲስ አፈር ላይ ትከሏት፣ እስክታገግም ቡናው ያለሷ ይጠጣ።