ይድረስ ለክቡር የብሎካችን ደረጃ

ቁጥር፦ በየክንፉ ይለያያል
ጉዳዩ፦ ከባድ ዕቃ ወደ አራተኛ ፎቅ ስለማውጣት የቀረበ ቅሬታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ በፀሐይም በዝናብም ሳይነቃነቁ ለሚሰጡን አገልግሎት የብሎካችን ነዋሪዎች ምስጋናቸውን ያቀርባሉ። ሳይነቃነቁ የምንለው በጥቅሉ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ያለው መደገፊያ ብረትዎ በተነካ ቁጥር እንደሚወዛወዝ፣ በዚህም ምክንያት ነዋሪው ሁሉ በታላቅ አክብሮት ሳይነካው እንደሚያልፍ ለእርስዎ መንገር አያሻንም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድነው ግን ስለ ራሳችን መውጣትና መውረድ አይደለም። እኛስ ተላምደናል፤ ደረጃ መውጣት ለልብ ይበጃል ስለሚባልም ጉልበታችን በጮኸ ቁጥር ልባችንን እያሰብን እንጽናናለን። ቅሬታችን ዕቃችንን የሚመለከት ነው።

የትውልድ ታሪክዎን አልዘነጋንም። በ1990ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በብዛት መገንባት ስትጀምር፣ አብዛኞቹ ብሎኮች ከምድር በላይ አራት ፎቅ ብቻ እንዲኖራቸው የተደረገው ሰው ያለ አሳንሰር በእግሩ ሊወጣው የሚችል ከፍታ ነው ተብሎ፣ የቤቱም ዋጋ በባለዕጣው ላይ እንዳይከብድ ታስቦ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አሳንሰር ባለበት ሕንፃ የሚኖሩ ዘመዶቻችን መብራት ሲጠፋ የሚደርስባቸውን ስንሰማ እርስዎን እናመሰግናለን። ነገር ግን የነደፈዎት ባለሙያ በዓይነ ኅሊናው ያየው ደረጃ ወጪ፣ ቢበዛ አንድ ዘንቢል በእጁ ያንጠለጠለ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ያ ሰው ዕጣው ወጥቶለት ቁልፍ በተረከበ ማግስት ፍሪጅ፣ ቡፌ፣ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥንና ኤል ሼፕ ሶፋ ጭኖ እንደሚመጣ፣ ሲደላው ደግሞ ሲሽከረከር እንዳይዘል ተብሎ በሆዱ የሲሚንቶ ጡብ የታሰረለት የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንደሚጨምር ማንም አልነገረዎትም። ከከባድ ጭነቶቻችን መካከል በራሱ እግር የሚወጣልን የበዓል በግ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ያስባል።

ከእርከኖችዎ እንጀምር። የሰው እግር ደረጃ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት እርከኖች ከለካ በኋላ ሌላውን በልማድ ይረግጣል እንጂ አንድ በአንድ አያይም፤ ፊቱ ላይ ቁም ሳጥን የተደቀነበት ሰው ደግሞ ሊያይ ቢፈልግም አይችልም። ጥሩ ደረጃ የሚባለውም እርከኖቹ 17 ወይም 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ይዘው ከታች እስከ ላይ የማይለዋወጡ ሲሆኑ ነው። እርስዎ ግን በየክንፉ፣ ማለትም ከአንዱ ማረፊያ እስከ ቀጣዩ ባለው የእርከን ድርድር ሁሉ፣ የመጨረሻውን እርከን ከሌሎቹ ሁለት ጣት ያህል አስበልጠውታል። የማረፊያው ሊሾ ሲፈስ የእርከኖቹ ከፍታ ተዘንግቶ ነው የሚሉ ነዋሪዎች አሉ፤ እኛ ግን በየፎቁ ይህን ያህል በጥንቃቄ የተደጋገመን ነገር ስሕተት ነው ብለን እርስዎን ልናስቀይም አንፈልግም።

በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት እርስዎ የጋራ መጠቀሚያ ነዎት። የብሎካችን ነዋሪዎች ይህን የተረጎሙት አንደኛ ፎቅ ላይ የጫማ መደርደሪያ፣ ሁለተኛው ላይ በቀለም ቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም፣ ሦስተኛው ላይ የከሰል ማዳበሪያና ሌሊት ውኃ ሲመጣ የሚሞሉ ቢጫ ጀሪካኖች በማኖር ነው። ለሁሉም የሆነው ስፋትዎ እንዲህ ተከፋፍሎ ሲያልቅ የደረጃው አምፖል ብቻ ባለቤት አጥቶ ቀርቷል፤ ከተቃጠለ ወዲህ ማን ይግዛው የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል።

ለዚህ ደብዳቤ መነሻ የሆነው ክስተት የደረሰው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ ነው። ባለፈው ሰሞን የአራተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ሊዘጋ ከተቃረበ አንድ የጌም ቤት ያረጀ የጌም ማሽን ገዝተው መጡ፤ ተጫዋቹ ፊቱ ቆሞ የሚጫወትበት፣ ቶክን የሚባለውን የመጫወቻ ሳንቲም የሚጎርሰው፣ ቁመቱ ከሰው የሚስተካከለው ዓይነት። እንዲህ ያለው ማሽን በአብዛኛው ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሲሆን ክብደቱም እኩል የተከፋፈለ አይደለም፤ የድሮ ቴሌቪዥን ዓይነቱ ወፍራም ስክሪን፣ ባለ 25 ኢንች ከሆነ ከነብረት ክፈፉ ከ30 ኪሎ የማያንሰው፣ ከወገብ በላይ ተሰቅሎ ሳለ የታችኛው ግማሽ ከገንዘብ ሣጥኑና ከጥቂት ሽቦ በቀር ባዶ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ በጨዋ ደንብ የሚቆመው ማሽን ደረጃ ላይ ጋደል ሲል ሐሳቡን ይለውጣል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከታች በኩል ይዞት ከሆነ ያን ጊዜ ያውቃል።

አይሱዙው ብሎኩ ሥር ሲቆም ጫኝና አውራጆቹ እርስዎን ከታች እስከ ላይ አንድ ጊዜ ቃኝተው ዋጋቸውን በፎቅ ተመኑ። እስከ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ የሚቻል ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን ዋጋው ከእርከንዎ ይልቅ ይዘላል። ጎረቤታችን «ይህ ዘረፋ ነው» ብለው ተቆጡ። እኛ እውነቱን ለመናገር፣ ከተሠሩ ጀምሮ እርስዎን በወጉ አጥንቶ የሚገባዎትን ግምት የሰጠዎት ባለሙያ ቢኖር እነዚያ ወጣቶች ብቻ ናቸው እንላለን። ድርድሩ ሲፈርስ የብሎኩ ጎረምሶችና አባወራዎች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ተረቱ እውነት ነው፤ ችግሩ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ሲታደል ሃምሳ ቦታ የሚሄድ ሲሆን ማሽን ግን አንድ ሆኖ በአንድ መንገድ መውጣቱ፣ በእርስዎም ላይ ከላይ ሁለት ከታች ሁለት ሰው ከቆመ ለአምስተኛው ቦታ አለመኖሩ ነው። የተረፈው ሕዝብ እንግዲህ ምን ያድርግ? አዛዥ ሆነ።

ከላይ ያለው አዛዥ «ወደ ቀኝ!» ሲል ፊት ለፊቱ ከታች የቆመው ተሸካሚ ወደ ገዛ ራሱ ቀኝ ይገፋል፤ ማሽኑም በሁለት ቀኞች መካከል ይጨነቃል። አንዱ የመጫወቻ መሪዎቹ ያሉበትን ሰሌዳ እጀታ መስሎት ቢያንጠለጥለው፣ ሰሌዳው በሁለት ትናንሽ መቆለፊያዎች ብቻ የተያያዘ ነበርና ተፈንቅሎ እጁ ላይ ቀረ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ማሽኑን ጋደም ሲያደርጉት ደግሞ ባዶ ያልተደረገው የገንዘብ ሣጥን በሩ ተከፈተና ሲጎርሰው የኖረውን ቶክን ሁሉ እርከን በእርከን እያንቃጨለ ወደ ታች ለቀቀው። ይህም ባልከፋ፤ ነገር ግን የብሎኩ ሕፃናት ቶክን ሊለቅሙ ተሽቀዳድመው ከጭነቱ ሥር ገቡ። ያን ጊዜ እናቶች ያሰሙት ጩኸት በዕለቱ ከተሰጡት ትእዛዞች ሁሉ ግልጽ የነበረ ብቸኛው ትእዛዝ ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማሽኑ በግድግዳዎና በመደገፊያ ብረትዎ መካከል ተቀረቀረ። ወደ ላይ ቢሉት እምቢ፣ ወደ ታች ቢሉት እምቢ አለ። የማሽኑን ወርድ አስቀድሞ የለካ ሰው ነበር፤ የእርስዎንም ወርድ የለካ ነበር፤ ማሽኑ ተጋድሞ ሲዞር የሚፈልገውን ሰያፍ ርዝመት ከማረፊያዎ ጋር ያስተያየ ግን አልነበረም። ከታች የያዙት ሁለቱ ሰዎች በነጠላ ጫማ ቆመው ላብ ሲያጠምቃቸው፣ ከላይ ያሉት አዛዦች ሁለት ቡድን ሆነው ብረቱ ይቆረጥ ወይስ ማሽኑ ይቆረጥ በሚለው ላይ ይከራከሩ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው በሩ ከተዘጋበት ከዚያው ፎቅ ነዋሪ ነው። ሰውዬው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሲሆን ወደ ሥራ ለመሄድ በሩን ቢከፍት የማሽኑ ጀርባ ተደቅኖ ጠበቀው። ምንም ሳይናገር ተመልሶ ካቻቢቴውን አመጣ፤ ከደጁ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ የጀርባውን ክዳን ፈታ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በሸሚዙ ኪስ ከተተና ስክሪኑን ለብቻው አወጣው። ማንም እጁን እንዳይሰድም አስጠነቀቀ፤ እንዲህ ያለው ስክሪን ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰውን አሽቀንጥሮ የሚጥል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላልና፣ የኋላ አንገቱም በትንሽ ግጭት የሚሰበር መስታወት ነውና። እርሱ ሙያው ስለሆነ ነካው፤ ሙያው ያልሆነ ሰው ቢያስፈታ እንጂ ባይፈታ ይሻለዋል። ከዚያ በኋላ ቀሪው ሣጥን ቀጥ ብሎ ቆሞ ዞረ፤ ሁለት ፎቅም ያለ አዛዥ ወጣ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የብሎኩ ኮሚቴ ተሰብስቦ በእርስዎ ላይ ጉልበት ብቻውን እንደማይሠራ አምኗል። ስለዚህ ማንኛውም ከባድ ዕቃ ከመኪና ከመውረዱ በፊት ባለቤቱ ሜትር ይዞ ማረፊያዎችዎንና የቤቱን በር እንዲለካ፣ የሚፈታው ተፈትቶ፣ በርና መሳቢያ ሁሉ በማሰሪያ ታስሮ፣ በውስጡ ያለው ተራግፎ እንዲቀርብ ተወስኗል። ጭነቱ በባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ በቀበቶ ተጠፍሮ አንድ አንድ እርከን ይወጣል፤ ከላይ ያሉት ይስባሉ፣ ከታች ያሉት ያግዛሉ፤ ዋናው ክብደት የሚያርፈው ከታች ባሉት ላይ ስለሆነ ጠንካሮቹ እዚያ ይሆናሉ እንጂ እንደ ልማዳችን ዘግይቶ የደረሰው ሰው እዚያ አይመደብም። በየማረፊያው ጭነቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰው ይተነፍሳል። የሚያዝዘው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን «ቀኝ» እና «ግራ» ተሽረው «ወደ ግድግዳ» እና «ወደ ብረት» ተተክተዋል። ሕፃናት ሥራው እስኪያልቅ ከሁለት አንዱን፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ላይ ወይ ሙሉ በሙሉ ታች መሆንን ይመርጣሉ።

ብዙ ያከራከረው ዕቃው ቢያመልጥስ የሚለው ነው። የብዙዎቻችን ወግ ባለቤቱ «ያዙት!» ብሎ መጮህ፣ ከታች ያለውም ደረቱን መስጠት ነው። እኛ ግን አንዴ ያመለጠን የ100 ኪሎ ዕቃ ሰው አያቆመውምና ከታች ያለው ወደ ጎን ዘወር ብሎ መንገድ ይስጠው እንላለን፤ ቡፌ በብር ይተካል፣ ወገብ አይተካም። ለዚህም ሲባል ከጭነቱ በታች ያለው ክንፍ ሁልጊዜ ባዶ ይሁን ተብሏል። በበረንዳ በገመድ እንሳብ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ለሶፋ ሲሠራበት ያየነው ቢሆንም የበረንዳችን ብረት የተሠራው ለታጠበ ልብስ በመሆኑ ውድቅ አድርገነዋል። ፍሪጅን በተመለከተ በተቻለ መጠን ሳይጋደም እንዲወጣ፣ ከተጋደመም የመጭመቂያው ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ጥቂት ሰዓታት ቆሞ እንዲሰካ ተነግሯል፤ መብራት ባለበት ሰዓት ፍሪጅ ሳይሰኩ መቀመጥ የሚጠይቀውን ትዕግሥት ግን ኮሚቴው ለየነዋሪው ፀሎት ትቶታል።

ከእርስዎ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። የመጨረሻ እርከኖችዎ ጠርዝ ቢያንስ በነጭ ቀለም እንዲሰመር ሲደረግ እንዳይልጡብን፣ መደገፊያ ብረትዎም በያዝነው ወር ሲበየድ እንዲታገሡ ነው። ስለ ጌም ማሽን ይህን ያህል መጻፋችን ካስገረመዎት፣ ባለፈው ክረምት ሦስተኛ ፎቅ የታመሙት እናት በቃሬዛ መታጠፊያዎን ማለፍ አቅቷቸው በፕላስቲክ ወንበር ታስረው መውረዳቸውን ያስታውሱ፤ ጀሪካኖቹ የዚያን ዕለትም እዚያው ነበሩ።

ከሰላምታ ጋር
የብሎኩ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለሦስተኛ ፎቅ ነዋሪዎች፤ የከሰል ማዳበሪያውና ጀሪካኖቹ እስከ ቅዳሜ ጠዋት እንዲነሡ፣ ማጠቢያ ማሽን ስለሚገባ።
ለቴሌቪዥን ጠጋኙ ጎረቤታችን፤ በሸሚዝ ኪሳቸው የቀሩትን ብሎኖች እንዲመልሱ።
ለአራተኛ ፎቅ ጎረቤታችን፤ ማሽኑ በ110 ቮልት የሚሠራ ሆኖ ስለተገኘ፣ በጌም ቤቱ ረስተውት የመጡትን ትራንስፎርመር ሲያመጡ ክብደቱን አስቀድመው ለኮሚቴው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ።